በረሃ ላይ ከተማ ያቆሙ ነጋዴዎች፦ ከተድሞር እስከ ሂርማታ

(ጅማ ውስጥ በንባብ ክበባችን ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። በጽሑፍ ይውጣልን ያላችሁ ስለበዛችሁ እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ! አሰላሙ ዓለይኩም! አካም ጅርቱ!

አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከኋላ የቆማችሁ ልጆችም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከፊት ባዶ ወንበር አለ፣ ኑ ተቀመጡ። በዚህ ዝናብ ከቤታችሁ ወጥታችሁ መምጣታችሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። አክብራችሁኛል፣ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ጥንታዊ ከተማ ነው። ሶርያ ውስጥ ናት፣ በረሃ መሃል። ዓለም ፓልሚራ ይላታል፣ የአገሩ ሰው ድሮም ዛሬም ተድሞር ነው የሚላት። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው ስሟን ያውቀዋል። ሁለተኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 8 ላይ ሰሎሞን በምድረ በዳ ያለችውን ተድሞርን እንደሠራ ይናገራል። በሸክላ ላይ የተጻፉ ደግሞ ከሰሎሞን ስምንት መቶ ዓመት ያህል የሚቀድሙ ጽሑፎች አሉ፣ እነሱም ስሟን ይጠራሉ። ብቻ በጣም አሮጌ ከተማ ናት። (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትምታቱ።)

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። ሰው ጅማ ቁጭ ብሎ ስለ ሶርያ በረሃ ምን ያወራል? እኛ ዝናብ የማይነጥፍበት አገር ሰዎች ነን። ጫካ አለን፣ ቡና አለን፣ አዌቱ በመሃላችን ይፈሳል። አሸዋና ግመል ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?

እኔ አገናኘዋለሁ። ተድሞርን የሠራት ሲራራ ነጋዴ ነው። የጅማን አሮጌ ገበያ ሂርማታንም የሠራት ሲራራ ነጋዴ ነው። አንደኛዋ የነጋዴዎቿን ስም በድንጋይ ጻፈች። ሌላዋ አልጻፈችም። ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ስለ ውሃውና ስለ መንገዱ እናገራለሁ፣ ቀጥዬ ስለ ነጋድራሶቹና ስለ ቀረጡ፣ ከዚያ ስለ ንግሥቲቱ። በመሃል ወደ ቤታችን ወጣ እላለሁ፣ ታገሡኝ።

እሺ፣ ከውሃው እንጀምር።

ተድሞር ከደማስቆ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ነው ያለችው። በአንድ በኩል የሜዲትራኒያን ባሕር፣ በሌላ በኩል የኤፍራጥስ ወንዝ፣ እሷ መሃል ላይ። ዙሪያዋ በረሃ ነው። ግን ኤፍቃ የሚባል ምንጭ ነበራት። ከተራራ ሥር ከዋሻ የሚወጣ፣ ሞቅ ያለ፣ ድኝ ድኝ የሚሸት ውሃ ነው። ፍል ውሃ የሄደ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። በዚያ ውሃ ቴምር ተተከለ፣ ወይራ ተተከለ። የጨው ሜዳም አጠገቧ አለ፣ ጨውም ገቢ ነበር። ጨው ምን ያህል ገንዘብ እንደሆነ ደግሞ የአሞሌ አገር ሰዎች ከማንም በላይ እናውቃለን።

ውሃ ብቻውን ግን ከተማ አያደርግም። በረሃ ውስጥ ምንጭ ያለበት ቦታ ብዙ ነው፣ አብዛኛው መንደር ሆኖ ነው የቀረው። ታዲያ ተድሞርን ምን ለያት?

መንገዱ! ልብ በሉ። ከምሥራቅ የሚመጣ ነጋዴ ወደ ሜዲትራኒያን ለመድረስ ሁለት ምርጫ ነበረው። አንደኛው የኤፍራጥስን ዳር ይዞ መውጣት ነው። ውሃ አለ፣ ሣር አለ፣ መንደር አለ፣ ጥሩ ይመስላል። ችግሩ በየጥቂቱ አንድ አለቃ ተቀምጦ ክፈል ይላል። ከፍለህ ታልፋለህ፣ ትንሽ ሄደህ ሌላው ክፈል ይላል። ሁለተኛው በበረሃው አቋርጦ መሄድ ነው። አጭር ነው፣ ቀረጥተኛ አይበዛበትም። ግን ውሃ ጥም አለ፣ ዘራፊ አለ።

የተድሞር ሰዎች ያንን ሁለተኛውን መንገድ ወሰዱና ሰላም አደረጉት። የበረሃውን ዘላን በዝምድናም በገንዘብም በጉልበትም ያዙት። ግመል ላይ የሚቀመጥ ጠባቂ አቆሙ። ጉድጓድ ቆፈሩ። ነጋዴው በረሃው ላይ ሌሊት ተኝቶ ጠዋት ዕቃው እንዳለ ማግኘት ጀመረ። በቃ፣ የሀብቷ ምሥጢር ይሄ ነው። የሸጠችው መተማመኛ ነበር። ሐሩ የቻይና፣ ቅመሙ የሕንድ፣ ዕጣኑ የዐረብ ነው። የእሷ ሥራ ዕቃው ሳይነካ እንዲያልፍ ማድረግ ነበር።

እዚህ ላይ አያቴን ልጥራ። አያቴ የቅፍለት ሰው ነበሩ። በቅሎ እየጫኑ ጊቤን ተሻግረው ጅማና አዲስ አበባ ይመላለሱ ነበር፣ መኪና ሳይመጣ በፊት። ልጅ ሆኜ ማታ ማታ እሳት ዳር ሲያወሩ እሰማለሁ። ጅብ አይፈሩም፣ ጎርፍ አይፈሩም፣ የጊቤን በረሃ ግን ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ወባው! እዚያ ማደር ሞት ነው ይሉ ነበር። ቅፍለቱ በርሮ ማለፍ ነው ያለበት።

አንድ ጊዜ ከነጋዴዎቹ አንዱ ቆላው ላይ ትኩሳት ያዘው። ልጅ እግር ነው፣ ዕቃውም ትንሽ ነው፣ ዘመድም አብሮት የለም። ሌሎቹ እንሂድ አሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ ማን ይጠብቃል? ነጋድራሱ ግን አይሆንም አሉ። ጭነቱ ይውረድ አሉ። የራሳቸውን በቅሎ አራግፈው ልጁን ጫኑት፣ የተራገፈውን ዕቃ ደግሞ ለሁሉም አከፋፈሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጓዙ አድረው ደጋ አወጡት። ልጁ ዳነ። አያቴ ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ዝም ይላሉ። ያ ልጅ እሳቸው ነበሩ።

እኔ ዛሬ እዚህ ቆሜ የማወራው እኚያ ነጋድራስ ስለቆሙ ነው። አይደል? ግን ስማቸው ማን ነበር? አላውቅም። አባቴም አያውቅም ነበር። አያቴ “ነጋድራስ” ብቻ ነበር የሚሏቸው፣ እኛም ልጆች ነንና አልጠየቅንም። እስኪ ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ ነጋድራሶቹና ቀረጡ ነው። እኔ በጣም የምወደው እዚህ ጋ ያለውን ነው፣ ስለዚህ ረዘም ይላል።

ተድሞር ውስጥ ትልቅ ጎዳና አለ። ግራና ቀኙ በድንጋይ ዓምድ የተደረደረ ነው፣ ርዝመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዓምዶቹ ከመሃላቸው ወደ ውጭ የወጣ መደርደሪያ መሳይ ድንጋይ አላቸው። ያ ምን ነበር? የሐውልት ማስቀመጫ ነው። ዓምድ በዓምድ የሰው ምስል ቆሞበት ነበር፣ ከሥሩም ጽሑፍ። የማን ምስል? ሌላ አገር ብትሄዱ የንጉሥ፣ የጦር አለቃ ነው። እዚህ አብዛኛው ለከተማው የዋለ ሰው ነው። ከእነሱ መሃል ደግሞ ቅፍለት የመሩ ነጋድራሶች ብዙ ናቸው!

አንዱን ልንገራችሁ። ሶአዶስ ይባላል፣ የቦልያዴስ ልጅ። በሁለተኛው መቶ ዘመን የኖረ ሰው ነው። ጽሑፉ ነጋዴዎቹን ብዙ ጊዜ እንደረዳ፣ ከራሱ ኪስ እንዳወጣ፣ ዘራፊ የከበበውን ቅፍለት ከትልቅ አደጋ እንዳዳነ ይናገራል። ከተማው ሐውልት አቆመለት። ነጋዴዎቹም በየሄዱበት አገር አቆሙለት። ከዚያ ወዲህ ሺህ ስምንት መቶ ዓመት አልፏል። ዛሬ ጅማ ውስጥ ስሙን ጠርቻለሁ፣ እናንተም ሰምታችኋል። የአያቴን ነጋድራስ ግን መጥራት አልቻልኩም፣ ገና መቶ ዓመት ሳይሞላው። ይህ አያንገበግብም?

እንቀጥል። ነጋዴዎቹ የት የት ይደርሱ ነበር? ከከተማቸው ተነሥተው ኤፍራጥስ ይወርዳሉ። ከዚያ የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ ላይ ካራክስ የምትባል ወደብ አለች፣ እዚያ መርከብ ይይዛሉ። መርከቡ ሕንድ ይደርሳል። በተድሞር መቃብሮች ውስጥ የቻይና ሐር ተገኝቷል። አስቡት እስኪ! በእግር፣ በግመልና በሸራ መርከብ ዘመን።

አንድ ተድሞራዊ ደግሞ እንግሊዝ አገር ደርሷል። ባራቴስ ይባላል። ሰሜን እንግሊዝ፣ ሳውዝ ሺልድስ በምትባል ቦታ፣ ለሞተችው ሚስቱ ያቆመው የመቃብር ድንጋይ ተገኝቷል። ሚስቱ ሬጂና ትባላለች፣ የዚያው አገር ሰው ናት። መጀመሪያ ባሪያ ነበረች፣ ነፃ አውጥቶ አገባት። በ30 ዓመቷ ሞተች። ድንጋዩ ላይ የላቲን ጽሑፍ አለ፣ ሁሉም እንዲያነበው። ከሥሩ ግን በራሱ ፊደል አንድ መስመር ጨምሯል። የባራቴስ ነፃ የወጣች ሬጂና፣ ወዮ! ይላል። ያንን መስመር እዚያ አገር ማን ሊያነብለት ነው? ማንም። ለራሱ ነው የጻፈው። ሰው በሐዘን ጊዜ በእናቱ ቋንቋ ነው የሚያለቅሰው።

ለእኛ የሚቀርበው ደግሞ ይሄኛው ነው። ከአፍሪካ ቀንድ ጫፍ ማዶ ሶኮትራ የምትባል ደሴት አለች። እዚያ ሆቅ የሚባል ጥልቅ ዋሻ ውስጥ በተድሞር ፊደል የተጻፈበት እንጨት ተገኘ። አብጋር የሚባል ሰው ነው ያስቀመጠው፣ በሐምሌ ወር 258 ዓ.ም.። የመርከበኛ ስለት ይመስላል። እዚያው ዋሻ ግድግዳ ላይ ሕንዶች ጽፈዋል፣ የደቡብ ዐረብ ሰዎች ጽፈዋል፣ የአክሱም ሰዎችም ጽፈዋል። የእኛ ሰዎች! የተድሞር ነጋዴና የአክሱም ነጋዴ አንድ ዋሻ ገብተው ስማቸውን ትተዋል። በአንድ ቀን ተገናኙ እያልኩ አይደለም። ግን በአንድ ባሕር ላይ ይሠሩ ነበር፣ አንድ ነፋስ ይጠብቁ ነበር። ከዚህ በኋላም ተድሞር ሩቅ ናት የሚለኝ አለ?

አሁን ቀረጡ። ነጋዴዎች ስላላችሁ ይህን በደንብ ትከታተሉኛላችሁ።

በ137 ዓ.ም. የተድሞር ሸንጎ ተሰበሰበ። ጉዳዩ በነጋዴውና በቀረጥ ሰብሳቢው መካከል ያለው ጭቅጭቅ ነበር። ብዙ ዕቃ በሕጉ ላይ ስሙ አልተጻፈም። ሰብሳቢው በልማድ ይህን ያህል ነው ይላል፣ ነጋዴው አይደለም ይላል። ሸንጎው ታዲያ ምን ወሰነ? ሁሉም ይጻፍ! በድንጋይ ይቀረጽ፣ ሰው በሚያይበት አደባባይ ይቁም አለ። አደረጉትም። ወደ አምስት ሜትር የሚረዝም ድንጋይ ነው፣ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ፣ በግሪክና በራሳቸው አረማይክ። በ1881 ተገኘ፣ ዛሬ ሩሲያ፣ ሴንት ፒተርስበርግ ሙዚየም ውስጥ ነው።

ምን ያልተጻፈ ነገር አለ! የግመል ጭነት ለብቻ፣ የአህያ ጭነት ለብቻ። ሽቶ ዘይት በድንጋይ ብልቃጥ ከሆነ አንድ ዋጋ፣ በፍየል ቆዳ ከሆነ ያነሰ ዋጋ። ጨው፣ ሞራ፣ ወይራ ዘይት፣ በጨው የታሸ ዓሣ፣ ቆዳ። የከተማዋን ሁለት ምንጮች ውሃ ለመጠቀም 800 ዲናር። ሰውም አለበት፣ ወገኖቼ። ባሪያ ለሚያስገባ ሰው በነፍስ ወከፍ 22 ዲናር ተብሎ ተጽፏል። ከግመል ጭነት ጋር በአንድ ዝርዝር።

ይህን መዝለል አልችልም። እኛም መዝለል የለብንም። የጅማን ገበያ ታሪክ ስናወራ ስለ ቡናው፣ ስለ ዝባዱ፣ ስለ ዝሆን ጥርሱ በኩራት እንናገራለን። በዚያው ገበያ ሰው ተሽጧል። ከደቡብና ከምዕራብ ተይዘው የመጡ ልጆች በእኛ ኬላ አልፈዋል። የተድሞርን ድንጋይ የምወድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ክፉውንም ጽፎታል። ስለተጻፈ መካድ አይቻልም።

የእኛንም ኬላ አስቡት። በአባ ጅፋር ዘመን፣ ማለትም ከ1878 እስከ 1932፣ የጅማ መንግሥት በድንበሩ ላይ ኬላ ነበረው፣ ጠባቂ ነበረው፣ ነጋዴው እዚያ ይከፍል ነበር። ከከፈለ በኋላ ግን ውስጥ ሲገባ ሰላም ነው። ንጉሡ ነጋዴ ይወዳሉ፣ ነጋዴ ያስጠብቃሉ። ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ሰው የመጣው ለዚህ ነው። ሂርማታ በሐሙስ ገበያ ስትሞላ መሬቱ አይታይም ነበር ይባላል። ብዙዎቻችን የእነዚያ ነጋዴዎች ልጆች ነን። ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጀበርቲው፣ ጉራጌው፣ የመኑ ዐረብ፣ ሁሉም በገበያ ነው የተዋወቀው። ተድሞርም እንደዚሁ ነበረች። ዐረቡ፣ አረማይክ ተናጋሪው፣ ግሪኩ፣ ፋርሱ ተቀላቅሎባታል። ትልቁ ቤተ መቅደሷ፣ በ32 ዓ.ም. የተመረቀው የቤል መቅደስ፣ ግሪክ ይመስላል፣ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን የራሷ ነው። ጊዜው በሉቃስ ወንጌል ስሙ የተጠራው የጢባርዮስ ቄሣር ዘመን ነው።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛው ልሂድ። ንግሥቲቱ። ይህን ብዙ ሰው በከፊል ስለሚያውቀው ፈጠን እላለሁ።

ተድሞር በሮም ሥር ነበረች። ሮም ከምሥራቅ በሚመጣ ዕቃ ላይ 25 በመቶ ትወስድ ነበር፣ ከተማዋም በዚያ ኖራ ከበረች። በ224 ፋርስ ላይ አዲስ ሥርወ መንግሥት ተነሣ፣ ሳሳናውያን። የባሕረ ሰላጤውን ወደብ ያዙት። የነጋዴዎቹ በር ተዘጋ ማለት ነው። ይህን ብዙ ሰው አያነሣውም፣ እኔ ግን የታሪኩ መታጠፊያ እዚህ ነው ባይ ነኝ። ከተማዋ በንግድ ማግኘት ያልቻለችውን በጦር መፈለግ ጀመረች።

በ260 የፋርስ ንጉሥ ሻፑር የሮምን ንጉሠ ነገሥት ቫሌሪያንን ማረከ። ሮም ደነገጠች። ያን ጊዜ የተድሞር መስፍን ኦዴናቱስ ተነሥቶ ፋርሶችን አባረረ፣ ምሥራቁን ለሮም አዳነላት። በ267 ገደማ ተገደለ። ልጁ ወህባላት ትንሽ ነበር፣ ስለዚህ እናቱ ሥልጣኑን ያዘች። ዘኖቢያ። በራሳቸው ቋንቋ ባት-ዘባይ።

ዘኖቢያ ባሏ የጠበቀውን መጠበቅ ብቻ አልበቃትም። በ270 ጦሯ ግብፅ ገባ። ግብፅ ማለት የሮም የእንጀራ ቤት ነው፣ ስንዴው ከዚያ ነው የሚሄደው። በሰሜን በኩል ደግሞ ዛሬ ቱርክ ውስጥ እስካለችው አንካራ ድረስ ደረሰች። የአንዲት ምንጭ ከተማ ከአባይ እስከ አንካራ ገዛች! በታሪክ የተድሞር መንግሥት የሚባለው ይሄ ነው። ስንት ዓመት ቆየ? ሦስት ዓመት አይሞላም።

በ272 ንጉሠ ነገሥት አውሬሊያን መጣ። አንጾኪያ አጠገብ አሸነፋት። ኤሜሳ ላይ፣ ዛሬ ሆምስ በምትባለው፣ እንደገና አሸነፋት። ከተማዋን ከበባት። ዘኖቢያ በግመል ወደ ፋርስ ሸሸች፣ ኤፍራጥስ ዳር ሲደርሱ ያዟት። መጨረሻዋን የጥንት ጸሐፊዎች አይስማሙበትም። መንገድ ላይ ሞተች የሚል አለ፣ ሮም አጠገብ ቤት ተሰጥቷት ኖረች የሚልም አለ። ከተማዋ ግን በመጀመሪያ ተርፋ ነበር፣ በ273 እንደገና ስታምፅ ነው የተዘረፈችው። ከዚያ በኋላ የወታደር ሰፈር ሆነች። ቅፍለቱ ሌላ መንገድ ያዘ።

ብዙ ሰው ዘኖቢያን ሲያወራ ጀግንነቷን ነው የሚያደንቀው። እኔም አደንቃለሁ፣ ለሮም ያልተንበረከከች ሴት ናት። ግን ሶአዶስን አብልጬ እወደዋለሁ። ሦስት መቶ ዓመት ያቆማትን ከተማ እነሶአዶስ ናቸው የሠሯት፣ ሦስት ዓመት የፈጀው ጦርነት ነው የጣላት። ልጆች በትምህርት ቤት የምትማሩት የነገሥታት ስም ነው። የነጋድራሶቹን ማን ያስተምራችሁ?

ከዚያ ወዲህ ያለው ረጅም ነው፣ ላጠቃልለው። በ634 ኻሊድ ኢብን አል-ወሊድ መጣ፣ ከተማዋ እስላማዊ ሆነች። እየቆየች አነሰች። በመጨረሻ ሰው በቤል መቅደስ ግቢ ውስጥ ጎጆ ሠርቶ ይኖር ነበር፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ነው ፈረንሳዮች ወደ ውጭ ያወጡት። ፊደሏ ተረስቶ ነበር። በ1751 ሁለት ተጓዦች ከብሪታንያ መጥተው ጽሑፎቹን ገለበጡ፣ በ1754 ባርቴሌሚ የሚባል ፈረንሳዊ አነበበው። የሚያነበው ጠፍቶ ከነበረ ጥንታዊ ፊደል እንደገና ለመነበብ የመጀመሪያው እሱ ነው። የሶአዶስ ስም እንደገና ተጠራ።

አንድ ሰው ግን ሳልጠራ አላልፍም። ኻሊድ አል-አስዓድ። የተድሞር ልጅ ናቸው። የከተማዋን ቅርስ ከ1963 እስከ 2003 መርተዋል፣ አርባ ዓመት! ፊደሉን ያነባሉ፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ ያውቁታል። ከልጆቻቸው አንዷን ዘኖቢያ ብለው ነው የሰየሟት። በግንቦት 2015 አይሲስ ከተማዋን ሲይዝ ከ80 ዓመት በላይ ነበሩ። ከዚያ በፊት ብዙ ቅርስ ተጭኖ ወጥቷል፣ እሳቸው ግን ከተማዬን አልለቅም ብለው ቀሩ። ያዟቸው። የተደበቀው ቅርስ የት ነው እያሉ አሠቃዩአቸው፣ አልተናገሩም ተብሏል። ነሐሴ 2015 በአደባባይ ገደሏቸው። በዚያው ወር የቤልን መቅደስ በፈንጂ አፈረሱት። በ32 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በኋላ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ መስጊድ ሆኖ ያገለገለው ሕንፃ ነው። በጥቅምት ደግሞ ትልቁን የድል በር አፈረሱ።

እኚህ አዛውንት ለምን ሞቱ? ለድንጋይ ነው የሚል ሰው አለ። እኔ እንዲህ አልልም። ለስም ነው የሞቱት። ድንጋዩ ላይ የተጻፈው የአያቶቻቸው ስም ነው።

እና ወደ እኛ ልመለስ። አያቴን ያዳኑትን ነጋድራስ ያዙልኝ ብዬ አልነበር?

ጥቂት ዓመታት ይሆነዋል። ሰፈራችን ውስጥ አንድ አሮጌ የቡና ነጋዴ ነበሩ፣ አሁን በሕይወት የሉም። አባታቸውም ነጋዴ ነበሩ። በአንድ የእንጨት ሣጥን ሙሉ መዝገብ ነበራቸው። ማን ስንት ፈረሱላ አመጣ፣ ከየት አመጣ፣ ማን ተበደረ፣ ማን ከፈለ። ቀጥ ባለ እጅ ጽሕፈት፣ አንዳንዱ በዐረብኛ ፊደል። እኔ አይቼዋለሁ፣ በእጄ ይዤዋለሁ። ከሞቱ በኋላ ቤቱ ሲጠረግ ሣጥኑ ወጣ። አንድ ቀን ከሱቅ ቆሎ ገዛሁ። የተጠቀለለበትን ወረቀት ፈታሁት። የእሳቸው እጅ ጽሕፈት ነበር። ሮጬ ተመለስኩ፣ ሌላ ቅጠል አለ ወይ ብዬ። ባለሱቁ ደግ ልጅ ነው፣ የቀረውን ሰጠኝ። የቀረው ስድስት ቅጠል ነው።

እናንተ ሰዎች፣ ያ የእኛ ድንጋይ ነበር! የተድሞር ሰዎች አምስት ሜትር ድንጋይ ላይ ያሰፈሩትን እኚያ አባት በወረቀት ላይ አስፍረውት ነበር። ቆሎ ጠቀለልንበት። ልጁን አልወቅስም። ማንም አልነገረውማ። መናገር የነበረብን እኛ ነን።

ስለዚህ የምለምናችሁ ነገር አለ። እየለመንኩ ነው፣ በእውነት።

ቤታችሁ ውስጥ አሮጌ ሣጥን፣ አሮጌ ቦርሳ፣ ከአልጋ ሥር የተወተፈ ወረቀት ካለ አትጣሉ። ደረሰኝ ይሁን፣ የዕዳ ወረቀት ይሁን፣ ደብዳቤ ይሁን፣ የቀረጥ ወረቀት ይሁን። ባይገባችሁም አትጣሉ። በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፣ ብርሃን ያለበት ቦታ አድርጋችሁ፣ አንድ በአንድ። ዋናው ወረቀት እናንተው ጋ ይቅር፣ ማንም አይወስድባችሁም።

ልጆች፣ እናንተ ደግሞ አያት ካላችሁ ዛሬ ማታ ጠይቁ። ስልኩን ድምፅ ቅጂ ላይ አድርጉና ጠይቁ። ከየት መጣችሁ? በየት መንገድ? ምን ጭናችሁ? የት ታድሩ ነበር? ኬላው የት ነበር? ከሁሉ በላይ ስም ጠይቁ። ነጋድራሱ ማን ነበር? በቅሎ ነጂዎቹ እነማን ነበሩ? ለመንገደኛ ጠላ የምትጠምቀው፣ ቡና የምታፈላው ሴት ማን ትባል ነበር? ተሽጠው የመጡ ሰዎች ነበሩ ወይ፣ የት ደረሱ፣ ልጆቻቸው እነማን ናቸው? የመጨረሻው ይከብዳል፣ አውቃለሁ። በአክብሮት ጠይቁ፣ ግን ጠይቁ።

አባቶችና እናቶች፣ እናንተ ደግሞ ልጆቹ ሲጠይቁ “ተወው፣ ያለፈ ነገር ነው” አትበሉ። እባካችሁ። አያቴ ያን ጊዜ ቢጠየቁ ስሙን ይነግሩን ነበር። ጠያቂ ነው የጠፋው።

ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚሁ አዳራሽ እንሆናለን። ፎቶውንም የተቀዳውንም ድምፅ የምንሰበስብበት ኮምፒውተር አለ፣ ሁለት ልጆች በፈቃደኝነት ሊሠሩ ቃል ገብተዋል። ዐረብኛ ፊደል የምታነቡ ሰዎች በጣም ታስፈልጉናላችሁ፣ ከዚህ ስትወጡ አነጋግሩኝ። ኦሮምኛውን በኦሮምኛ፣ አማርኛውን በአማርኛ እንመዘግባለን፣ አንተረጉምም፣ እንደተነገረው ይቀመጣል። ስድስቱን ቅጠሎች ዛሬ ይዣቸው መጥቻለሁ፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። እጃችሁን ታጥባችሁ እዩአቸው። ከስሞቹ መካከል የቤተሰባችሁን ስም የምታገኙ ካላችሁ ወዲያው ንገሩኝ።

በጣም አመሰግናለሁ። ገላቶማ! አሁን ወደ ጥያቄ እንግባ። እዚያ ጋ እጃቸውን ያወጡ እናት አሉ፣ ማይኩን አቀብሉልኝ።